ሳይቃጠል በቅጠል፦ በጭስ ማውጫችን ውስጥ የተደበቀው ጥቀርሻ

የ2022ን መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ያሳለፈ ቤተሰብ የዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሂሳብ አይረሳም። እኛም አልረሳነውም። ቤታችን ሶደርተልየ፣ ኦስተርተልየ ሰፈር ነው። አሮጌ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የብረት ምድጃ አለ፤ ከምድጃው ተነስቶ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ የጡብ ጭስ ማውጫም አለ። ቤቱን ስንገዛ ምድጃውን እንደ ጌጥ ነበር ያየነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ፣ በገና ሰሞን፣ እናነድበት ነበር። ያ ሂሳብ ሲመጣ ግን ባለቤቴን «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ እንጨት እናነዳለን» አልኳት።

በዚያ ጊዜ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ስለዚህ እናቴን ስለ ብርድም ሆነ ስለ እሳት የሚያስተምራት ሰው አያስፈልግም። ማታ ማታ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ ምድጃውን ትጠብቅ ነበር። ልንተኛ ስንል ትልቅ ግንድ ትጨምርና የአየር መግቢያውን ትዘጋዋለች። «እሳት ተዳፍኖ ያድራል» ትላለች። ጠዋት ስንነሳ ፍሙ አልጠፋም፤ ቤቱም ለብ ብሎ ይጠብቀናል። እኔ በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሠራ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል። በአንድ ግንድ ሌሊቱን ሙሉ! ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ።

እንጨቱን የገዛሁት እኔ ነበርኩ። በዚያ ወቅት ሁሉም ሰው እንጨት ስለሚፈልግ ደረቁ ተወዶ ነበር። እኔ ያገኘሁት ርካሹን፣ ገና በመከር የተቆረጠ የበርች እንጨት ነው። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ሁለት ፍልጥ አንስታ እርስ በርስ አጋጨቻቸው።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ እርጥብ ነው» አለችኝ።

«ግድ የለም እማዬ፣ ይነዳል» አልኳት።

ቀጥሎ የሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የምድጃው መስታወት ጠቆረ። ከዚያ ሳሎኑን የማይለቅ ሽታ መጣ፤ በጭስ የደረቀ ሥጋና አዲስ ሬንጅ የተቀላቀሉበት ዓይነት ሽታ። በፌብሩዋሪ የጭስ ማውጫ ጠራጊዋ፣ በስዊድንኛ «ሱታረ» የምንላት፣ በተራዋ መጣች። ብሩሿን ብታወጣና ብታስገባ የወረደው ዱቄት ጥቂት ነው። በባትሪ አየችና ፎቶ አንስታ አሳየችኝ። የጡቡ ግድግዳ በጥቁር፣ በሚያብረቀርቅ ነገር ተለብጧል። ብርጭቆ የፈሰሰበት ይመስላል።

«ይህ ሁሉ ነዳጅ ነው» አለችኝ። «አንድ ቀን ኃይለኛ እሳት ብታነዱ እዚያው ውስጥ ይቀጣጠላል።» እስኪጸዳ ድረስ ምንም እንዳናነድም በጽሑፍ ከለከለችን።

እናቴ ስዊድንኛ አትሰማም፤ ግን ፊታችንን አይታ ገባት። «እኔ ነኝ ያዳፈንኩት» አለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቤተሰቤን ቤት አደጋ ላይ የጣለው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ፤ እናቴ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኗንም ማወቅ ፈለግሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ያኔ የተማርኩትን ነው።

ጥላሸት፣ ጥቀርሻ፣ ክሪዮሶት

አማርኛ ለዚህ ነገር የቆዩ ቃላት አሉት። በድስት ቂጥ ላይ የሚይዘው ጥቁር ዱቄት ጥላሸት ይባላል። በገጠር ቤት ጣሪያ ሥር ጭስ ለዓመታት ሲጠራቀም፣ እንደ ሸረሪት ድር የሚንጠለጠለው ጥቁር ነገር ደግሞ ጥቀርሻ ነው። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በክዳኑ ውስጥ አልፎ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህ ጭስ ሣሩን ያደርቃል፣ ተባይም ያባርራል። በሌላ በኩል ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ጥላሸቱም ዝም ብሎ የሚጣል አልነበረም። የብራና መጻሕፍት የሚጽፉ ሰዎች ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ፣ ከሚቀላቅሏቸው ነገሮች አንዱ ከማብሰያ ዕቃ የተፋቀ ጥላሸት ነበር።

ክሪዮሶት የእነዚህ ዘመድ ነው፤ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ነው። ክሪዮሶት ግን በደንብ ካልተቃጠለ የእንጨት ጭስ የሚመጣ ቅጥራን፣ ዘይትና አሲድ ድብልቅ ነው። ስሙን ያወጣለት ካርል ራይኸንባኽ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከእንጨት ቅጥራን ለይቶ አወጣው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ሥጋ ጠባቂ» እንደ ማለት ነው። በጭስ የደረቀ ሥጋ ቶሎ እንዳይበላሽ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነውና። የሳሎናችን ሽታ የደረቀ ሥጋ የመሰለኝ በዚህ ምክንያት ነበር።

ጭስ ሲቀዘቅዝ

ልጄ «አባዬ፣ ጭስ እኮ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። ለምን ግድግዳው ላይ ይቀራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወደ ኩሽና ወስጃት ሽሮ የሚፈላበትን ድስት ክዳን አነሳሁ። ክዳኑ ሥር የውሃ ጠብታ ሞልቷል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ ሆኗል።

ጭስም እንዲሁ ነው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ቀጥሎ የሚነዱ ጋዞችና የቅጥራን ተን ይወጣሉ። ምድጃው በጣም ከሞቀና በቂ አየር ካገኘ እነዚህ ጋዞች እዚያው ይነዳሉ። ነበልባል ሆነው የምናያቸው እነሱ ናቸው። አየር ሲያንስ ወይም ምድጃው ሲቀዘቅዝ ግን ሳይነዱ ወደ ላይ ያመልጣሉ። በመንገዳቸው ላይ የጭስ ማውጫው ግድግዳ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሆኖ ከጠበቃቸው፣ እንደ ጤዛ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ። ክሪዮሶት ማለት ሳይነድ አምልጦ መንገድ ላይ የቀዘቀዘ ጭስ ነው።

ይህን የሚያባብሱ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው እርጥብ እንጨት ነው። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ እንጨት 10 ኪሎ ምድጃ ውስጥ ስትከቱ፣ 5 ሊትር ውሃ አብራችሁ ከተታችሁ ማለት ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ ደረቅ እንጨት ግን በ10 ኪሎ ውስጥ የሚይዘው ውሃ ከ2 ሊትር ያነሰ ነው። ያን ሁሉ ውሃ ለማትነን የሚወጣው ሙቀት ቤቱን አያሞቅም። ርካሽ የመሰለኝ እንጨት ርካሽ አልነበረም።

ሁለተኛው የአየር ማነስ ነው። የአየር መግቢያውን ስትዘጉት እሳቱ መንደዱን ትቶ መጨስ ይጀምራል።

ሦስተኛው የጭስ ማውጫው ቅዝቃዜ ነው። በቤቱ ውጫዊ ግድግዳ በኩል የሚያልፍ፣ ወይም ለምድጃው በጣም ሰፊ የሆነ ጭስ ማውጫ፣ ጭሱን ቶሎ ያቀዘቅዛል። የስዊድን ጃንዋሪ ደግሞ ለዚህ ይረዳዋል።

እኛ ቤት ሦስቱም ነበሩ።

ከዱቄት እስከ ብርጭቆ

ጠራጊዎች ክሪዮሶትን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ለስላሳ ዱቄት ነው፤ ጥላሸት ይበዛበታል፤ በብሩሽ በቀላሉ ይወርዳል። በሁለተኛው ደረጃ እንደ ቅርፊት ይሆናል፤ ጠንከር ያለ ብሩሽ ይፈልጋል። በሦስተኛው ደረጃ እንደ ሬንጅ ይፈስና ይደርቃል፤ የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ይመስላል። ይህኛውን ተራ ብሩሽ አይነካውም። የእኛን በሚሽከረከር ሰንሰለት ነበር ፈቅፍቀው ያወረዱት።

የሚያስፈራው ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ነዳጅ ይዟልና። አንድ ቀን ጠንካራ እሳት ሲነድ፣ ነበልባሉ ወይም ብልጭታው እዚያ ይደርስና ጭስ ማውጫው ራሱ ይነዳል። ስዊድኖች «ሱትኤልድ» ይሉታል። ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊበልጥ ይችላል። ያ ሙቀት ጡቡን ሊሰነጥቅ፣ በስንጥቁም በኩል እሳቱ ወደ ጣሪያው እንጨት ሊሻገር ይችላል። ሰዎች ድምፁን ከባቡር ወይም ከአውሮፕላን ጋር ያመሳስሉታል። ከጭስ ማውጫው ጫፍ ብልጭታ ወይም ነበልባል ሲወጣ ይታያል።

እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፦ የምድጃውን በርና የአየር መግቢያዎቹን ዝጉ፤ ሁሉንም ሰው ከቤት አስወጡ፤ 112 ደውሉ። ውሃ አታፍስሱ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ያህል ይጨምራል፤ የጋለውን ጭስ ማውጫ ሊያፈነዳው ይችላል። እሳቱ ከጠፋም በኋላ ባለሙያ ሳይመረምረው እንደገና አታንድዱበት።

እሳቱን ማቆየት፣ ሙቀቱን ማቆየት

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ። ማዳፈን ስህተት ነው እንዴ?

አያቴ ቤት የሚዳፈነው ፍም ነበር። እንጨቱ ቀኑን ሲነድ ውሎ፣ ጭሱ ሁሉ ወጥቶ፣ የቀረው ቀይ ፍም በአመድ ይሸፈናል። ፍም ጭሱን ጨርሷል፤ የሚያስቀረው ቅጥራን የለውም ማለት ይቻላል። እኛ ያዳፈንነው ግን ፍም አልነበረም። ሶደርተልየ ውስጥ፣ ረጅምና ቀዝቃዛ ጭስ ማውጫ ሥር፣ እርጥብ ግንድ ነበር ያዳፈንነው። እናቴ እርጥብ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «እንግዲህ እዚህ አገር እሳት እንዴት ያሳድራሉ?» አለችኝ።

መልሱን ያገኘሁት በስዊድን ታሪክ ውስጥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስዊድን የእንጨት እጥረት አሳስቧት ነበር። ካርል ዩሃን ክሮንስቴትና ፋቢያን ቭሬደ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1767 አዲስ ዓይነት ምድጃ ለሕዝብ አስተዋወቁ። እሱ ዛሬ በአሮጌ የስዊድን ቤቶች ውስጥ የምናየው፣ በሸክላ ንጣፍ የተለበጠው «ካከልኡንግን» ነው። ጭሱ በቀጥታ አይወጣም። በምድጃው ውስጥ ባሉ ጠመዝማዛ መንገዶች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በመንገዱም ሙቀቱን ለጡቡ ይሰጣል። ሰዎቹ ደረቅ እንጨት በብዙ አየር ለአጭር ጊዜ አጥብቀው ያነዳሉ፤ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ይዘጉታል። የጋለው ጡብ ለብዙ ሰዓታት ቤቱን ያሞቃል።

«ስለዚህ የሚያሳድሩት እሳቱን አይደለም፤ ሙቀቱን ነው» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። «እንደ ምጣድ በለኛ!» አለች። እውነቷን ነው። የሸክላ ምጣድ በደንብ ከጋለ፣ እሳቱ ከጠፋም በኋላ አንድ ሁለት እንጀራ ያወጣል።

እኛ ምን ለወጥን?

የብረት ምድጃችን እንደ ካከልኡንግን ሙቀት አያቆይም፤ ትምህርቱ ግን ይሠራል። ጭስ ማውጫው ከጸዳና ከተመረመረ በኋላ እነዚህን ልማዶች ያዝን።

እንጨት አንድ ዓመት ቀድመን እንገዛለን። በጸደይ ፈልጠን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን እንከምረዋለን። ከላይ እንሸፍነዋለን፤ ጎኑን ግን ለነፋስ ክፍት እንተወዋለን። ቢያንስ አንድ በጋ ማለፍ አለበት፤ ወፍራም ፍልጥ ሁለት በጋ ሊፈልግ ይችላል። የደረቀውን ለመለየት የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። የሚለካው አዲስ በተፈለጠው ገጽ ላይ ነው፤ ውጫዊው ገጽ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። እናቴ ግን መለኪያ አያስፈልጋትም። ሁለት ፍልጥ ታጋጫለች፤ ደረቁ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። በመለኪያው ብዙ ጊዜ ፈትኛታለሁ፤ አልተሳሳተችም።

እሳቱን ከላይ እንለኩሳለን። ትልልቁ ፍልጥ ከታች፣ ጭራሮው ከላይ ይሆናል። በዚህ መንገድ ከታች የሚወጣው ጋዝ በላይኛው ነበልባል ውስጥ ሲያልፍ ይነዳል። ጭስ ማውጫውም ቶሎ ይሞቃል። መጀመሪያ ሲያዩት የተገለበጠ ይመስላል፤ በስዊድን ግን በሰፊው የሚመከር ዘዴ ነው።

ትንሽ ትንሽ፣ በብዙ አየር እናነዳለን። ማታ ግንድ ጨምረን አንዘጋም። ከተኛን እሳቱ ይጥፋ፤ ብርድ ልብስ አለን።

ወጥተን ጭሱን እናያለን። ይህ የልጄ ሥራ ነው። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ከጭስ ማውጫው ጫፍ የሚወጣው ነገር እምብዛም የማይታይ ከሆነ መልካም ነው። ወፍራም፣ ግራጫ ጭስ ካየች ትጮኻለች፦ «አባዬ፣ አየር!»

የተቀባ እንጨት፣ ቆሻሻና ፕላስቲክ አናቃጥልም። ጭሱ መርዛማ ነው፤ ጭስ ማውጫውንም ያበላሻል።

ማን ይጠርጋል?

ስዊድን ውስጥ ይህ ነገር ለባለቤቱ ብቻ የተተወ አይደለም። በ2003 የወጣው፣ ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአደጋ መከላከያ ሕግ፣ ጭስ ማውጫዎች እንዲጠረጉና የእሳት ደኅንነታቸው እንዲመረመር የማድረግ ኃላፊነት ለኮሙኑ ሰጥቷል። ሶደርተልየ የእሳት አደጋ አገልግሎቷን ከጎረቤት ኮሙኖች ጋር በጋራ በሚተዳደረው በሶደርተርን የእሳት አደጋ መከላከያ በኩል ታገኛለች።

ጠረጋና ምርመራ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። ጠረጋው ጥቀርሻውን ያወርዳል። ምርመራው ደግሞ ምድጃው፣ ግድግዳውና የጣሪያው መተላለፊያ ደኅና መሆናቸውን ያያል። የቤቱ ባለቤት ኮሙኑን አስፈቅዶ ራሱ መጥረግ ይችላል፤ ምርመራው ግን ለባለሙያ የተተወ ነው።

የእኛ ሌላው ስህተት እዚህ ላይ ነበር። ጠራጊ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ የሚወሰነው ምን እንደምታነዱና ስንት ጊዜ እንደምታነዱ ታይቶ ነው። ምድጃችን «አልፎ አልፎ ለደስታ» ተብሎ ነበር የተመዘገበው። በየቀኑ ማንደድ ስንጀምር ለማንም አልነገርንም። የእናንተም አጠቃቀም ከተለወጠ ደውሉና ንገሯቸው።

ራሳችሁ የምትጠርጉ ከሆነ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጭስ ማውጫ የሚጠርጉ ሰዎችን ካንሰር እንደሚይዛቸው አይቶ ምክንያቱ ጥቀርሻው መሆኑን ጽፏል። ጥቀርሻ በባዶ እጅ የሚነካ ነገር አይደለም።

የማይሸተው አደጋ

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቤቶች ይበልጥ ያስፈልጋልና። የታፈነ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። ጥቀርሻ ጭስ ማውጫውን ካጠበበው ይህ ጋዝ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። በከሰል ምድጃ ቡና ማፍላትም ያው ነው፤ መስኮቶቹ ጥብቅ በሆኑ የስዊድን ቤቶች ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ከሰሉን ውጭ ወይም ተዉት፤ ቡናው በኤሌክትሪክም ይፈላል። ምድጃ ያለበት ቤት የጭስ ብቻ ሳይሆን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ያስፈልገዋል።

እናቴ በጸደይ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ከልጄ ጋር ሆና ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነውን እንጨት ከመረች። አሁን በስልክ ስናወራ ከጤናችን ቀጥላ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «እንጨቱ ደረቀ?» ልጄ ሁለት ፍልጥ ታመጣና ስልኩ አጠገብ ታጋጫቸዋለች። እናቴ ከዚያ ሆና ትሰማለች። «ደርቋል» ትላለች፤ ወይም «ገና ነው፣ ታገሡ።»

የሳምንቱ ቃላት

ጥላሸት፦ ከእሳት የሚወጣ፣ ዕቃ ላይ የሚይዝ ጥቁር ዱቄት።

ጥቀርሻ፦ ጭስ ለረጅም ጊዜ ተጠራቅሞ ጣሪያ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሠራው ጥቁር ነገር።

ፍም፦ ነበልባሉ አልቆ የቀረ፣ የጋለ ቀይ እሳት።

ማዳፈን፦ ፍም እስከ ጠዋት እንዲቆይ በአመድ መሸፈን።

ፍልጥ፦ በመጥረቢያ የተሰነጠቀ የማገዶ እንጨት።

ጭራሮ፦ እሳት ለማያያዝ የሚረዳ ቀጭን ደረቅ እንጨት።

ሳይቃጠል በቅጠል፦ ተረትና ምሳሌ ነው። እሳት ትንሽ ሳለ በቅጠል መትቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ችግር ሳያድግ ቶሎ መፍትሔ ፈልጉ ማለት ነው። በዚህ ሳምንት ከወላጆቻችሁ ወይም ከአያቶቻችሁ አንዱን «እናንተ ቤት እሳት እንዴት ያድር ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው።